ኧረ በአቅራቢያችን ምን አለና!

የጤና ማስታወቂያ ሁሉ ማብቂያው አንድ ነው። ትኩሳት ካለብዎ፣ ሳል ከበረታብዎ፣ ልጅዎ አልጠባ ካለ፣ ብቻ ምንም ይሁን ምን፣ «በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የጤና ተቋም ይሂዱ» ይልና ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያልቃል። ይህችን ነገር የሚጽፍልን ሰው ታክሲ ይዞ በግማሽ ሰዓት ሐኪም ፊት የሚቀመጥ መሆን አለበት። እኛ ወሎ ውስጥ ሐራ ያለን ሰዎች በአቅራቢያችን ምን እንዳለ ጠንቅቀን ስለምናውቅ ነው የምንናደደው። ሐራ ብቻም አይደለም፤ መርሳን ጠይቁ፣ ውርጌሳን ጠይቁ፣ የፈለጋችሁትን የገጠር ከተማ ጠይቁ፣ ወጉ አንድ ነው። ካርድ ይወጣል፣ ወረፋ ይያዛል፣ ወረቀት ይሰጣል፣ ከዚያ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። የጤና መድህን መዋጮ ከፍለን መታወቂያችንን በፕላስቲክ ያስለበጥን ሰዎች ነን እንግዲህ። ነገሩ ከከበደ ወልድያ ነው፤ መኪና ከተገኘ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ።

ወልድያም ቢሆን በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደርሶበት ሆስፒታሉ ተዘርፏል። በታኅሣሥ 2014 ከተማው ሲለቀቅ ስንቱ ዕቃ ስንቱ መድኃኒት ጠፍቶ ነበር። ማስታወቂያው ግን ጦርነት አያውቅም፤ ዛሬም እዚያው ቃሉ ላይ ነው፦ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ።

ይህ ጣጣ ዛሬ የጀመረ አይደለም። በ2012 ኮሮና ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር ምክር ይቀድመን ነበር። ልጅ ታሞ ለሹፌር ስትደውል፣ ሰው ሞቶ ለዘመድ ስትደውል፣ መጀመሪያ እጅህን መታጠብ አለብህ። ለ20 ሰከንድ፣ በሚወርድ ውሃ። የሚወርደው ውሃ ከጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑ የሚሞላው በወረፋ ነው፣ ሃያ ሰከንድ ሲወርድ ስንት ጣሳ እንደሚያልቅ ያሰበልን የለም። ቤትዎ ይቆዩ፤ የዕለት ጉርሱ ደጅ ያለ ሰው ቤቱ ቆይቶ ማንን ይብላ? ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቁ፤ ለቅሶ ላይስ? አስከሬን ተሸክመን ስንሄድስ? ሰላት ላይ ትከሻ ለትከሻ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነጠላ ለነጠላ የምንቆም ሰዎች የጠየቅነው ይህንኑ ነበር፤ መልሱን የሰጡን የየሃይማኖቱ አባቶችና የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ስልኩ ውስጥ የነበረችው ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ «አብሽሩ» አላለችንም። ወሎ ውስጥ ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚባለው እሱ ነው፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወባውን ደግሞ ተመልከቱት። «አጎበር ውስጥ ይተኙ» ይሉናል። እንተኛለን እኮ! ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባው በሚብስበት ጊዜ፣ የሐብሩ ቆላ ገበሬ መቼ ነው ቤቱ የሚያድረው? ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ነው። የመስኖ ተራው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከደረሰው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቦይ እየቀደደ ነው። በስልክ የሚላክልን ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ባለ ራስጌ አልጋ አለው፣ ነጭ አንሶላ አለው፣ አጎበሩን በአራት ማዕዘን ወጥሮ ሚስቱንና አንድ ልጁን አቅፎ ፈገግ ይላል። አንድ ልጅ! እኛ ዘንድ መደብ ላይ ስድስት ሰባት ሆኖ የሚተኛውን ቤተሰብ አጎበር እንዴት እንደሚያዳርሱት የሚያሳይ ቪዲዮ እስከ ዛሬ አላየንም። ማማ ላይ የሚያድረው ሰው ምን ያድርግ? ጋቢውን ይከናነብ? የሚቀባ ነገር አለ ይባላል፣ የት ይሸጣል? በስንት? ይህን የሚመልስ የለም። ዓመት በዓመት ግን አጎበሩን ለድርቆሽ ማሰሪያ አዋሉት እየተባልን እንወቀሳለን።

ጥያቄያችን ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር ወር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም እንደተመዘገበና 1,157 ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1958 የደረሰው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ትንኟ እንኳ ብልሃቷን ቀይራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው ስቴፈንሲ የምትባለው እንግዳ ዝርያ በ2022 ድሬዳዋን አምሳለች። ይህቺኛዋ ረግረግ አትመርጥም፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ፣ ለመጠጥ ብለን ባጠራቀምነው ውሃ ትራባለች። ማስታወቂያው ግን ዛሬም «ያቆረ ውሃ ያፋስሱ» ነው። የምንጠጣውን እናፍስሰው? ክዳን ግጠሙ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

አሁን ደግሞ ወደ ቆዳችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ እንኳ ዝም ማለት አልችልም። «በልጅዎ ሰውነት ላይ ቀይ ሽፍታ ካዩ…»። ቀይ! በጠይም ልጅ፣ በጥቁር ልጅ ሰውነት ላይ ኩፍኝ ቀልቶ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ በእጅ ሲዳሰስ ነው የሚታወቀው። እናቶቻችን ይህን ያውቃሉ፤ ትኩሳቱን፣ የቀላውን ዓይን፣ ሳሉን አይተው፣ ጀርባውን በመዳፋቸው ዳብሰው ይለዩታል። ፎቶው ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ልጅ ነው። «የእኔ ልጅ እንደዚህ አይደለም» ብላ እናት ቤቷ ብትቀመጥ ማን ይወቀሳል? እሷው! «የግንዛቤ እጥረት» ይባላል። የከንፈር መጥቆርና የቆዳ መገርጣትም እንደዚሁ ነው፤ እኛን ለማየት የከንፈርን ውስጥ፣ ምላስን፣ የዓይንን ቆብ ገልብጦ፣ መዳፍን ዘርግቶ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ታውቃለች፣ ፖስተሩ አያውቅም።

ነገሩ የፖስተር ሠሪ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ለንደን ውስጥ ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ ዚምባብዌ የተወለደ የሕክምና ተማሪ፣ የሚማርበት ሁሉ ነጭ ቆዳ ላይ የሚታይ ምልክት ብቻ ሲሆንበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመምህራኑ ጋር የጥቁር ቆዳ ምልክቶችን የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀ። እንግዲህ አስቡት፣ በ2020! በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሺጋን ሐኪሞች አንድ ጥናት አወጡ፤ ያ ጣት ላይ ተቆንጥጦ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን ማነስ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይስታል። ኮሮና ሲያስጨንቀን ጣታችንን ያስገባንበት መሣሪያ ማለት ነው። መሣሪያው ማንን ይዞ እንደተለካ እኛ በምን እናውቃለን። ማስታወቂያውም ከዚያው ቤት የወጣ ወንድሙ ነው።

ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ ወሎን በፎቶ የሚያህል የተበደለ አገር አለ? በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ንጉሡ የሸሸጉትን የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ፤ እሱስ ባያሳይ ኖሮ የባሰ ነበር፣ ምስጋና አንነፍግም። በጥቅምት 1977 ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን በቢቢሲ አሳዩን። ከዚያ ባንድ ኤድ፣ ከዚያ ላይቭ ኤድ። እህሉ መጣ፣ ሰው ተረፈ፣ ደግ ነው። ግን አርባ ዓመት አለፈ እኮ! እርዳታ ለመለመን፣ ስለ ክትባት ለመናገር፣ ስለ ምግብ እጥረት ለማስተማር፣ ዛሬም የሚወጣው ያው ዝንብ የወረረው ልጅ ነው። በኅዳር 2017 የባንድ ኤድን ዘፈን ለአርባኛ ዓመቱ እንደገና አቀነባብረው ሲያወጡት፣ ከዘፋኞቹ አንዱ ኤድ ሺራን ድምፄን ዳግም እንድትጠቀሙ ብትጠይቁኝ ኖሮ እንቢ እል ነበር አለ፤ ጋናዊ-እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፊዩዝ ኦዲጂም ይህ ምስል አፍሪካን ይጎዳል ብሎ ሲከራከር ነበር። ለእኛ ግን ማንም ደውሎ የጠየቀን የለም። የወሎ ሕፃን ፊት ሳይሸፈን፣ ከእናቱ ባዶ ጡት ጋር፣ በዓለም ሁሉ ፌስቡክ ላይ ይዞራል። የራሳቸው ልጅ ቢሆን ፊቱን ያደበዝዙለት ነበር። አሁን አሁን ደግሞ የእኛው ልጆች ለቲክቶክ ተመልካች ብለው የታመመ ሽማግሌ ፊት ላይ ካሜራ ይደግናሉ፤ ከማን እንደተማሩት ግልጽ ነው።

በሽታውን በሰው ዘር ላይ መለጠፉ ደግሞ ሌላ ድካም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ጃፓናዊ ነው ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንጅና ቻይና የመሰለ ሁሉ መንገድ ላይ «ኮሮና! ኮሮና!» ይባል ጀመር፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን እስከ ማስጠንቀቅ፣ መንግሥትም በሽታው ዜግነት የለውም ብሎ መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ ተራው የእኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በሰሜን የመን የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች «የኮሮና ተሸካሚዎች» ተብለው በሁቲ ታጣቂዎች እየተተኮሰባቸው ወደ ሳዑዲ ድንበር ተነዱ፤ በድንበሩ ላይም የሳዑዲ ጠባቂዎች ተኮሱባቸው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ መሞታቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች መዝግቧል። የተረፉት በማጎሪያ ታሸጉ። ያ መንገድ ለሐራና ለመርሳ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። በጭፍራ፣ በሚሌ፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር የሚሻገረው የማን ልጅ ሆነና?

ታዲያ ከዚህ ተምረን ይሆናል ትላላችሁ። ምን ተምረን! የጅቡቲ ሹፌር ሲመጣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ወንበሩን አርቆለታል። ጃራ መጠለያ ያሉት ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን ላይ «ተቅማጡን እነሱ ናቸው ያመጡት» የሚል ወሬ የሚያሰራጭ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ሽንት ቤትና ንጹህ ውሃ ሳይበቃው ታጭቆ እንዲኖር የተደረገን ሰው ከበሽታው ጋር አንድ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፣ ጀሪካን ከማቀበል ይቀላል። ገበያ የሚወጣውን አፋርም እንዲሁ። የጤና ቢሮዎቹስ ዝም ብለው «በመጠለያ አካባቢ ተከሰተ» ብለው ከመለጠፍ አልፈው ውሃው ነው የበከለን፣ ሰዎቹ አይደሉም ብለው በግልጽ ቢናገሩ ምን ይጎድልባቸዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በኅዳር 2015 የዝንጀሮ ስም የተለጠፈበትን ፈንጣጣ ሰው የሚያዋርድ ዘረኛ ቃል እየሆነ ስለተቸገረ ኤምፖክስ ብሎ ቀይሮታል። በግንቦት 2017 በሞያሌ ሲገኝብን ግን የእኛ ስልክ ሁሉ ዝንጀሮ በዝንጀሮ ሆኖ ሰነበተ።

የኮሮናን ክትባትም እንዲሁ አበላሹብን። መጋቢት 2012 ማለቂያ ላይ ሁለት ፈረንሳዊ ሐኪሞች በቴሌቪዥን ቀርበው ሙከራውን አፍሪካ ውስጥ ብናደርገውስ ተባባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ነው ብለው አወገዙት፤ ያ ቪዲዮ ግን ከመግለጫው ቀድሞ እዚህ ደርሶ ነበር። በመጋቢት 2013 ክትባቱ ሲጀመር «እነሱ የሚሞክሩብን ነው» ያለው ሰው ማስረጃው እጁ ላይ ነበረች። ስጋቱ መሠረት አለው፣ ይህኛው ክትባት ግን እነሱም ራሳቸው የሚወጉት ነው ብሎ፣ ቁጭ ብሎ፣ አክብሮ ያስረዳን ማን ነው? «የሐሰት መረጃን እንከላከል» የሚል ባነር ግን አየን።

ውሸቱ እኮ የሚያሸንፈን አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ የት እንደተማረ የማይታወቅ ሰው ቲክቶክ ላይ ብቅ ይልና «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አብሽሩ፣ ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ» ይላል። ስለ ጉልበት ሕመም ያወራል፣ ስለ ሌሊት ሽንት ያወራል፣ ያፍራሉ ብሎ አይተውም። መርቆ ይጀምራል፣ መርቆ ይጨርሳል፣ መሐል ላይ ዱቄቱን ይሸጣል። አንድ አዛውንት እንክብላቸውን ትተው የእሱን ዱቄት በማር ሲልሱ ብትቆጧቸው፣ «እሱ እኮ አንቱ እያለ ነው የሚያናግረኝ» ይሏችኋል። ምን ይመለሳል?

በሌላ በኩል የጤና መሥሪያ ቤቱን ገጽ ክፈቱት። «የጤናውን ዘርፍ ተደራሽነትና ፍትሐዊነት ለማረጋገጥ የሚያስችል የንቅናቄ መድረክ ከባለድርሻ አካላት ጋር ተካሄደ።» ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ በረድፍ፣ ጀርባቸው ላይ ባነር። ስኳር ያለበት ሰው በረመዳን እንዴት ይጹም፣ መድኃኒቱን በስህሪ ይውሰድ ወይስ በኢፍጧር? በዐቢይ ጾም የምታጠባ እናት ምን ትብላ? ጸበል የሚጠመቅ የኤችአይቪ ታማሚ መድኃኒቱንም አብሮ ይውሰድ የሚል የካህን ቃል የት አለ? የለም። መድረኩ ግን ተካሂዷል።

አይችሉም እንዳንል ችለው ያውቃሉ። ከ1994 እስከ 1997 «የቀን ቅኝት» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር፤ 257 ክፍል። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነው የሚያስተምረው፣ ግን ማን ትምህርት ብሎ ያዳምጠዋል! ሰው እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ ቀጣዩን እየጠበቀ ነበር የሚሰማው። ከዚያ በፊት የነበረው የኤድስ ማስተማሪያ አጽምና ራስ ቅል ነበር፤ ሕሙማኑን ከጎረቤት ለየልን እንጂ ምን ፈየደ? ድራማው ሰው ለሰው እንዲያዝን አደረገ። ዛሬ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያንን የሚሠራ ልጅ ወልድያ ውስጥ ጠፍቶ ነው? ሞልቷል፤ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል።

ኤክስቴንሽኗንም አስቡ። ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ከዚያው ሰፈር፣ በዚያው አነጋገር። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲወርድ ገብታ ትቀመጣለች፣ ስለ በግ ዋጋ ታወራለች፣ በረካው ላይ «እትዬ፣ ያችን ልጅ ነገ ጠዋት አምጪልኝ፣ ክትባቷ ቀርቷል» ትላለች። ልጅቷ ነገ ትሄዳለች። አሁን ለእሷም ቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶላት ሪፖርት በፎቶ ላኪ ተብላለች። ካርዱን ከደመወዟ ነው የምትሞላው። ቡናው ጋ የምትቀመጥበት ሰዓት ፎቶ ማንሻ ሆኗል፤ እናቶቹም ኮሽ ባለ ቁጥር ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ይህ ሁሉ ደግሞ ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ከሐምሌ ማለቂያ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ እኛ ጨለማ ውስጥ ነበርን፤ ያኔ ለወሎ ሰው በፌስቡክ የተለጠፈውን የጤና መልእክት ሁሉ ማን እንዳነበበው እንጃ። ያነበቡት ውጭ አገር ያሉት ዘመዶቻችን ናቸው። እነሱ በመደበኛ ስልክ ደውለው «እዚያ በሽታ ገብቷል አሉ፣ ተጠንቀቁ» ይሉናል። ከዋሽንግተን! ሰፈራችን ውስጥ ምን እንደገባ።

አሁን በቅርቡ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ግድግዳ ላይ ፖስተር ተለጥፏል፤ ጽሑፍ እንኳ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ጥቁርና ነጭ ነቁጥ የተዘራበት አራት ማዕዘን ነው። ከሥሩ «ለተሟላ መረጃ ኮዱን ስካን ያድርጉ» ይላል። አንድ ጎልማሳ ባለ ቁልፍ ስልኩን አውጥቶ፣ ባትሪው እንዳይወድቅ በጎማ ያሰራትን፣ ወዲያ ወዲህ አዙሮ አስጠጋት። አንዱ ጎረምሳ በተች ስልኩ ስካን ሊያደርግለት ሞከረ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ኔትወርክ የለም። «ምን ይላል?» አለው ሰውዬው።

«በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ሳይል አይቀርም።»